ፋዘር፣ ድስቱ ወርቅ ነው እንዴ?

እናንተዬ፣ ዘመኑ ከፋ። ዝናቡ እንኳ ድሮ ይሉኝታ ነበረው፤ ሌሊቱን ሲጥል አድሮ ሲነጋ ያባራ ነበር። ዛሬ እዚህ ሚዛን ከተማ ገበያው እስኪደምቅ ጠብቆ፣ ሻጭና ገዢ ሳይለይ ይወርዳል። ይሁንና ዛሬ ዝናብ ላይ አላማርርም። ዝናብ ቢያንስ ዋጋ አይከራከርም።

ምሬቴ «ተወደደ» በምትባል አንዲት ቃል ላይ ነው። በዚህች ከተማ የማዕድ ቤት ዕቃ ስሸጥ ጠጉሬ ሸብቷል። ድሮ ሰው ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ «እንዴት አደራችሁ» ይል ነበር። ቀጥሎ ስለ ቡናው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጁ ሠርግ ይጫወታል። ዋጋ የሚጠይቀው ሊወጣ ሲል ነው፤ ጠይቆም ያፍራል። ዛሬ አንድ እግሩ ገና ደጅ ሳለ «ተወደደ!» ይላል። ኧረ እኔ ገና ስንት እንደሆነ አልነገርኩህም!

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ወጣት ገባች። በአንድ እጇ ስልክ ይዛለች፤ በሌላው እጇ ሌላ ስልክ።

«ፋዘር፣ ይሄ ድስት ስንት ነው?»

ፋዘር! እኛ ድሮ «ጋሼ» ነበርን፤ ጠጉራችን ሲነጣ «አባባ» ሆንን፤ ወግ ነው ብለን ተቀበልን። እኔ እስከማውቀው ፋዘር የሚባለው የሚሲዮን ቄስ ነው። እኔ ድስት ሻጭ ነኝ፤ ኑዛዜ አልቀበልም። ቢሆንም ዋጥ አድርጌ መለስኩላት።

«ሦስት ሺህ ብር ነው፣ ልጄ።»

«እንዴ! ወርቅ ነው እንዴ? ስልክ ላይ እኮ በስምንት መቶ አለ!»

አብሯት የመጣው፣ ገንዘቡም የእሱ ያልሆነ፣ ወጥም ሠርቶ የማያውቅ ጎረምሳ ደግሞ «ሰው በላ ዋጋ!» አለ። ምጣዱ ሳለ እንቅቡ ተንጣጣ ማለት ይኸው ነው። ልጅቷ ስልኳን አዙራ አሳየችኝ። እውነቱን ለመናገር ያምራል፤ ያብረቀርቃል። ከጎኑ አንድ ቲማቲምና ስሙን የማላውቀው ቅጠል ተቀምጧል። «መልካም ነው» አልኳት፤ «በይ እስቲ ሥዕሉ ላይ ቁሌት አቁላይበት።»

ወገኖቼ፣ የእኛ ወጥ የፈረንጅ ሾርባ አይደለም። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ደቅቆ ይከተፋል፤ ዘይትም ቅቤም ሳይነካው በደረቁ ድስት ላይ ይጣዳል፤ በዝግታ እየተማሰለ የራሱን ውሃ ይጨርሳል። ይህ የደቂቃ ሥራ አይደለም። የድስቱ ቂጥ ስስ ከሆነ እሳቱ መሃሉን ብቻ ይዞ ያነድደዋል፤ መሃሉ ሲያር ዳሩ ጥሬ ይቀራል። ሴትዮዋ ደንግጣ ውሃ ጠብ ታደርጋለች፤ ያን ጊዜ ቁሌቱ ቀርቶ ቅቅል ይሆናል። እንግዳው ሲቀምስ «እጇ አይጣፍጥም» ይላል። እጇ ምን አደረገ? ድስቷ ነው!

የእኔ ድስት ቂጡ ሦስት ንብርብር ነው። ከላይና ከታች ስቲል፣ መሃሉ ወፍራም አሉሚኒየም። ስቲል አይዝግም እንጂ ሙቀት በማዳረስ ሰነፍ ነው፤ አሉሚኒየሙ ሙቀቱን ተቀብሎ እስከ ዳር ያከፋፍላል። ከታች 18/10 የሚል ተጽፎበታል። ከመቶ 18 እጁ ክሮሚየም፣ 10 እጁ ኒኬል ማለት ነው፤ ዝገት የማይደፍረው በዚህ ነው። ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ስንት አለ? አንዱማ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን መስሎት «ይሄማ አልፎበታል፣ ቀንስ» ብሎኛል።

እስቲ አብረን እናስላ። ባለ ስምንት መቶው ድስት መጀመሪያ የሚከዳው ጆሮው ነው። ጆሮው ሲወልቅ በጨርቅ ይዘው ያወርዱታል፤ ቀጥሎ ቂጡ ያብጥና ምድጃ ላይ እንደ ሰካራም ይወዛወዛል። በዓመቱ ተጥሎ ሌላ ይገዛል እንበል፤ በአራት ዓመት 3,200 ብር ሆነ። የእኔዋ በአራት ዓመቷ ገና ጨቅላ ናት። ታዲያ ማን ነው ውድ? የከሰል ምድጃውም ያው ነው። የቆርቆሮዋ ስትገዛ ርካሽ ናት፤ ከሰል ግን እንደ ሠርገኛ ትበላለች። «ላቀች» የምትባለዋ ውጭዋ ቆርቆሮ፣ ውስጧ ሸክላ ነው፤ ሙቀቱን ስለማትበትን ከሰል ትቆጥባለች። ሰው ግን የምድጃውን ዋጋ አንድ ጊዜ ከፍሎ ዓመት ሙሉ ያወራል፤ የከሰሉን በየቀኑ ከፍሎ ዝም ይላል።

ደግሞ ዋጋውን እኔ ሌሊት ተነስቼ የምጨምረው ይመስላቸዋል። በሐምሌ 2016 የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ሲባል፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ድስቱ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ነው፤ ዶላሩን ማን ከፈለለት? ከዚያም ከመርካቶ ጅማ፣ ከጅማ ቦንጋ፣ ከቦንጋ ሚዛን፤ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነዳጁ፣ ጫኙ፣ አውራጁ፣ መንገድ ላይ የሚሰነጠቀው ሲኒ ሁሉ ይታሰባል። ድሮ አስፋልት ሳይኖር መኪናው በጭቃ ተይዞ ሳምንት እየሰነበተም ዕቃው ይረክስ ነበር። ዛሬ መንገዱ ተሠርቶ፣ መኪናው በአንድ ቀን ደርሶ ተወደደ። ፍጥነት ምን እንዳመጣብን ተመልከቱ! የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

ድሮማ! ድሮ ድስት በስሙኒ፣ በሽልንግ ደግሞ ከነጭልፋው ነበር። ሻጩ «አይበቃሽም» ብሎ አንድ ሰፌድ መርቆ ይሰድድ ነበር። ሽሮው ራሱ አይንገረገብም፤ በጨዋ ደንብ ነበር የሚንተከተከው። ማንም ሰው ዋጋ አይከራከርም ነበር። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አንዲት ጀበና ለመግዛት ሦስት ገበያ ተመላልሳ፣ ሸክላ ሠሪዋን እስክታስለቅስ ተሟግታ፣ በመጨረሻ በስሙኒ ቅናሽ ይዛ ገብታለች። እሱ ግን ክርክር አይደለም፤ ጨዋታ ነው። ያቺ ጀበና እስከ ዛሬ ቤታችን አለች። እርግጥ አራት ጊዜ ተሰብራ በአዲስ ተተክታለች፤ ግን ያቺው ናት። የዛሬ ዕቃ እንዲህ ይቆያል?

ስለ ሸክላ ካነሳሁ አይቀር፣ ያኔ ዕቃ መግዛት የሚያውቅ ሰው ነበር። እናቴ ጀበናዋን ታነሳና በጣቷ አንጓ ኳ ኳ ታደርጋታለች። ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ተተኩሷል፤ ድምፁ ከታፈነ የሆነ ቦታ ስንጥቅ አለበት። ገዝታ ስትመጣም ቡና አታፈላበትም። መጀመሪያ ይሟሻል። ምጣድ ከሆነ ጎመን ዘር ተደቁሶ በጋለው ምጣድ ላይ ይታሻል፤ ይጨሳል፤ ደግሞ ይታሻል፤ ፊቱ ጠቁሮ እስኪወለወል። ከዚያ በኋላ እንጀራው ሳይለምኑት ይነሳል። ሸክላ ሠሪዋም ብትሆን ጭቃውን በእጇ አቡክታ፣ ያለ መሽከርከሪያ በእጇ አቅንታ፣ በድንጋይ ወልውላ፣ አድርቃ ነው የምትተኩሰው። ከዚያ ሁሉ በኋላ ጀርባዋ ላይ አዝላ ገበያ ታወጣዋለች። «ተወደደ» የሚላት ሰው ግን እሷን ቀና ብሎ እንኳ አያያትም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው የሚሰድብ ይቀጣል ብለው አዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት ቀጥቃጩን ጠይብ እያሉ ሲሰድቡ ማረሻውን ግን ይወስዱ ነበርና። ስድቡስ እየቀረ ሄደ እንበል። ዛሬ ባለ እጅ የሚሰደበው በ«ተወደደ» ነው።

አሁንማ የሚሟሽ ነገር ጠፋ። «የማይጣበቅ» የሚሉት መጥበሻ መጣ። ቴፍሎን የሚባለውን ነገር አንድ አሜሪካዊ ኬሚስት በ1938 እ.ኤ.አ. ሌላ ነገር ሲፈልግ ሳያስበው ነው ያገኘው። እኛም ሳናስብ ነው የምንገዛው። ይህ መጥበሻ ባዶውን እሳት ላይ መቆየት አይወድም፤ የብረት ማንኪያ አይወድም፤ በሽቦ መፈተግ አይወድም። ዕቃ ነው ወይስ ሙሽራ? ልጆቹ ባዶውን ከሰል ላይ ጥደው ስልካቸውን ሲነካኩ ይቆዩና፣ ሲላጥ ወደ እኔ ይዘውት ይመጣሉ። «ፋዘር፣ ይጣበቃል።»

ኮረሪማው ያለው በእኛ አገር፣ ቁንዶ በርበሬው ያለው ቴፒ፤ ሙቀጫና ዘነዘናው ግን ለጌጥ ሆነ። በኤሌክትሪክ መፍጫ ሲያንጫርሩት ሞተሩ ይግላል፤ ቅመሙ የሞተር ሽታ ይይዛል። በዚያው መብራት ይጠፋል፤ ኮረሪማው ግማሹ ዱቄት፣ ግማሹ ፍሬ ሆኖ ይቀራል። ጨሞስ? የቡናው ቅጠል ከዝንጅብሉ፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከሚጥሚጣው ጋር ተወቅጦ በሸክላ ሲፈላ ሰፈሩን የሚያስነጥሰው ጨሞ፣ በቀደም በፕላስቲክ ኩባያ ሲቀርብ አየሁ። ኩባያው ከሙቀቱ የተነሳ ጎብጦ እንደ እኔ ሽማግሌ ሆኗል። እርግጥ ኩባያው ከእኔ ሱቅ የተገዛ ነው፤ ፕላስቲክም ትንሽ እይዛለሁ። ለሚፈልጉት ብቻ ነው። ከሱቁ ግማሽ አይበልጥም።

የገረመኝን ልንገራችሁ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከእኛው ከጌሻ ምድር የተወሰደ የቡና ዘር በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኮስታሪካ ዞሮ ፓናማ ደረሰ። በ2025 እ.ኤ.አ. በዚያው በፓናማ ጨረታ ላይ አንድ ኪሎው ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጠ። አንድ ኪሎ! የገዛው ሰው «ተወደደ» አላለም፤ ይልቁንም ጨመረበት። እኛ የዘሩ ባለቤቶች ደግሞ ያንኑ ቡና የምናፈላበትን ጀበና ዋጋ አልቀነሱልንም ብለን ከሱቅ እናኮርፋለን። ቡናችን ውድ ሲሆን ደስ ይለናል፤ የሌላው ልፋት ውድ ሲሆን ሌባ እንላለን።

እኔ በበኩሌ ጥሩ ነገር ስገዛ አንድም ቀን ተከራክሬ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት አንድ የማሻ ማር ሻጭ መጣ፤ ነጭ ማር፣ ንጹሕ። የጠራውን ዋጋ ስሰማ ግን ጆሮዬን አላመንኩም። «ንቡ እኮ አበባውን የሚቀስመው በነፃ ነው!» አልኩት። ግማሽ ቀን ተሟግቼ በግማሽ ዋጋ ወሰድኩት። ይህ ክርክር አይደለም፤ ሰውዬው ዋጋ ስለማያውቅ ነው።

ባለቤቴም ዘመኑ አታሏት የኤሌክትሪክ ምጣድ አስገብታለች። እኔ በመርህ ተቃውሜያለሁ። እንጀራው የእንጨት ጭስ አልነካውም፣ ነፍስ የለውም ብያለሁ። ይህን የምላት በየጠዋቱ የመጀመሪያዋን ትኩስ እንጀራ እየቆረስኩ ነው፤ ሳይቀዘቅዝ ካልቀመሱት ጉድለቱ አይታወቅም።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ድስቱን አስቀምጣ ወደ በሩ ሄደች። ጎረምሳው ቀድሟት ወጥቷል። እሷ ግን ደጃፉ ላይ ቆም አለችና ዞር ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባባ፣ ቅዳሜ አማቴ ይመጣሉ፤ ዶሮ ልሠራ ነው። ትንሽ አስተያየት አያደርጉልኝም?» አለች።

አባባ! ሦስት መቶ ብር ተውኩላት፤ አንድ ጭልፋም መረቅኩላት። ይህን እንደ ቅናሽ እንዳትቆጥሩብኝ፤ የድስቱ ዋጋ አልተነካም። እንደ ወጉ መጠራት በእኔ ሱቅ ሦስት መቶ ብር ያወጣል።

እናም ወገኖቼ፣ ድስት ልትገዙ ስትወጡ ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱና ዕቃውን በእጃችሁ አንሱት። ክብደቱን ለኩት፤ ገልብጡና ቂጡን እዩት፤ ጆሮውን ያዙና ነቅነቅ አድርጉት፤ ሸክላ ከሆነ ኳ ኳ አድርጉና አዳምጡት። ዋጋውን መጨረሻ ላይ ጠይቁ። ሱቄ ጠዋት ክፍት ነው፤ ከሰዓት በኋላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ስለምጠጣ እዘጋለሁ። ድስቱ አሁንም ሦስት ሺህ ነው።