ዱቄቱ ስንት ይሁን?

አሜሪካ ውስጥ ጋራዥ ያለው ጡረተኛ መኪናውን ጋራዥ ውስጥ አያሳድርም። መኪናው ውጭ በረዶ ሲወርድበት ያነጋል። ውስጥ ብርድ ልብስ ለብሶ የሚተኛው ከተዘጋ ፋብሪካ በርካሽ የተገዛ፣ ዕድሜው ከባለቤቱ ዕድሜ የማይተናነስ ቶርኖ፣ ማለትም ብረት እያሽከረከረ የሚጠርብ ማሽን ነው። ብዙ ጊዜ ሳውዝ ቤንድ ነው፤ የኢንዲያና ሥራ። ባለቤቱ ስሙን ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ቶርኖው ግን አርጅቷል። አብዛኛው ሥራ የሚሠራው ብረቱ ከሚታሰርበት ጭንቅላቱ አጠገብ ስለሆነ የአልጋው ሐዲድ በዚያ በኩል ተበልቷል። ቢላውን ተሸክሞ የሚንሸራተተው ሰረገላ እዚያ ሲደርስ ይላላል። ብሎኑን ጠበቅ ሲያደርጉለት ደግሞ ያልተበላው ጫፍ ላይ ሄዶ ይነክሳል። ሌላም ዐመል አለው፤ የቆመን ነገር ማስነሳት የሚሄደውን ከመግፋት ይበልጥ ስለሚከብድ፣ በጥቂቱ ሲገፉት እንቢ ብሎ ይቆይና ድንገት ዘሎ ከሚፈለገው ቦታ ያልፋል።

ለዚህ ሁሉ ፋብሪካዎች መላ ካበጁለት ቆይቷል። የሰረገላውን ሆድ በሚያንሸራትት ነገር ይሸፍኑታል። አንዱ ተርሳይት የሚባለው፣ ነሐስ የተቀላቀለበት የቴፍሎን ሉህ ነው፤ ይለጠፋል። ሌላው ዲያማንት የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሚሸጠው ሞግሊስ ነው፤ እንደ ሊጥ ይቀባል ወይም ይፈስሳል፣ ሲደርቅ የሐዲዱን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ጡረተኛው ዋጋውን አይቶ ይደነግጣል። ከዚያ ምን እንደሆነ ያነባል፤ ኤፖክሲ ሙጫ፣ ውስጡ ዱቄት። «ሙጫና ዱቄት ነው እንዴ? ይኼማ እኔስ መቼ አቃተኝ!» ይላል። ቆጣቢው ሰውዬ ገንዘቡን ማፍሰስ የሚጀምረው ከዚህች ደቂቃ አንሥቶ ነው።

መጀመሪያ ሙጫውና ማጠንከሪያው ይታዘዛሉ። ከዚያ ግራፋይት። ከዚያ «ግራፋይት ብቻውን አይበቃም» ተብሎ ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ። ለጥንካሬ የነሐስ ዱቄት። ለሁሉም የሚበቃ ሚዛን፤ የወጥ ቤቱ አይሆንም፣ የወርቅ ሠሪ ነው የሚፈለገው። ድብልቁ አረፋ እንዳይቋጥር አየር የሚመጥ ፓምፕ፣ ለፓምፑም ወፍራም ክዳን ያለው ድስት። ፓምፑ ገና መንገድ ላይ እያለ ወጪው የጀርመኑን ቆርቆሮ ዋጋ አልፎ ሄዷል። ይህን የሚደምር ግን የለም፤ እያንዳንዱ ዕቃ ለየብቻው ሲታይ ርካሽ ነው።

ልኬቱ ደግሞ እንደ በርበሬ ቅመም ከቤት ቤት ይለያያል፤ ሁሉም የራሱ ምጣኔ አለው፣ የሌላውን ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል። አንዱ ግራፋይቱን ያበዛል። ሌላው «ዱቄት ሲበዛ የሚይዘው ሙጫ ያጣል፣ ይፈረፈራል» ይላል፤ ልክ ነው። ሦስተኛው ሁሉንም ሰምቶ ቴፍሎን ይጨምራል፤ ስሙ ደስ ስለሚለው።

ቴፍሎን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ሮይ ፕላንኬት የተባለ የዱፖንት ኬሚስት ጋዝ የሞላበት ሲሊንደር ከፍቶ ምንም አልወጣ አለው። ሲመዝነው ግን ባዶ አልነበረም። ቢያስቆርጠው ውስጡ ነጭ ዱቄት ሆኖ ተገኘ። የዱቄቱ ትልቅ ሙያ ከማንም ጋር አለመጣበቅ ነው፤ ሙጫም ከዚያ «ማንም» ውስጥ አለበት። ለዚህ ነው ፋብሪካው የቴፍሎኑን ሉህ የሚለጠፍበትን ገጽ አስቀድሞ በኬሚካል የሚያቆስለው። ጡረተኛው ይህን ቢነግሩትም በማንኪያ ሞልቶ ይጨምራል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ማንም የማያነሣው ጥያቄ አለ፤ ሐዲዱ ቀጥ ያለ ነው ወይ? የሚፈስሰው ሊጥ የተቀመጠበትን ገጽ እንዳለ ይቀዳል። የተበላ አልጋ ላይ ካፈሰሱት መበላቱን አንዲት ሳያጎድል ይገለብጣል። ስለዚህ አስቀድሞ ሐዲዱን ማቅናት ያስፈልጋል። ጆሴፍ ዊትዎርዝ የተባለ ብሪታንያዊ እ.ኤ.አ. በ1840 ግላስጎ ላይ ለሳይንቲስቶች ጉባኤ እውነተኛ ጠፍጣፋ ገጽ በመፋቅ እንዴት እንደሚገኝ አስረድቷል፤ ሦስት ብረቶችን እያፈራረቁ አንዱን በሌላው መፈተሽ፣ ቀለም ቀብቶ ከፍ ያለውን መለየት፣ መፋቅ፣ እንደገና መቀባት። ዘዴው ዛሬም ይሠራል። ችግሩ አሰልቺ መሆኑ ነው፤ ክንድ ያዝላል፣ በፖስታም አይታዘዝም። ዱቄት ግን ይታዘዛል። ለዚህ ይመስለኛል ክርክሩ ሁሉ ዱቄቱ ላይ የሆነው።

(መርካቶ ያለ ቶርኖ ሠራተኛ የእሱም አልጋ ተበልቷል። የት ጋ ስንት እንደሚያዛባው ግን በእጁ ያውቀዋል፤ እዚያ ሲደርስ ጠጋ ወይም ሸሸት አድርጎ ይሠራል። ደንበኛው በር ላይ ቆሞ ሰዓት እያየ ስለሆነ ስለ ሞሊብዲነም የሚወያይበት ፋታ የለውም።)

የማፍሰሻው ቀን ደረሰ እንበል። ሙጫና ማጠንከሪያ ሲገናኙ ሙቀት ያወጣሉ፤ ስስ ሆኖ ከተቀባ ሙቀቱ ይበተናል፣ ኩባያ ሙሉ ሆኖ ከተቀመጠ ግን ራሱን በራሱ ያግላል። ጡረተኛው «እንዳያንስ» ብሎ ብዙ ስለበጠበጠ ስልክ አንሥቶ እስኪመለስ ኩባያው ይጨሳል። ሁለተኛው ዙር ይፈስሳል። ሊጡ በሰረገላው ሆድ ላይ መያዝ፣ ከሐዲዱ ደግሞ መላቀቅ ነበረበት። የሰረገላው ብረት ግን ሃምሳ ዓመት ዘይት የጠጣ ነው፤ ቢያጥቡት ንጹሕ ይመስላል፣ ሞቅ ሲል ዘይቱን መልሶ ያልበዋል፣ ሙጫውም ይለቅቃል። ሐዲዱ ደግሞ እንዳይዝ ሰም ተቀብቷል፤ ከአንዲት ጥግ በቀር። ሙጫው ያቺን ጥግ አግኝቶ ለዘለዓለም ተጋባት። ሰረገላው በመዶሻ፣ በእሳት፣ በመጨረሻም ወንድ ልጃቸው ተጠርቶ ይነሣል።

«መቼ ነው የሚያልቀው?» ትላለች ሚስት፣ የጠቆረውን የበር እጀታ በጨርቅ እየጠረገች።

«ሲደርቅ።»

እውነት ለመናገር አንድ ቀን ይሳካል። ሰረገላው በአንድ ጣት ይሄዳል፤ አይዘልም፣ አይነክስም። እንግዳ ሁሉ እየተጠራ በጣቱ እንዲገፋ ይጋበዛል። ብረት መቁረጥ ግን አይፈቀድም፤ ብናኙ አዲሱን ገጽ ይጭረዋላ። በመጨረሻ ጨክኖ በዚያ ቶርኖ ላይ የጠረበው የመጀመሪያ ዕቃ ረዘም ያለ የሊጥ ማማሰያ ነው። ከኦሃዮ የገዛው አሮጌ ፍሬዛ ማሽን ሐሙስ ይደርሳል፤ ሐዲዱ ተበልቷል።