ምንም አልሆንኩም

እግዚአብሔር አለ ብዬ እንደማላምን ለእናቴ የነገርኳት ቀን፣ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ጴንጤ ሆንክ እንዴ?» ብላ ነው።

«አልሆንኩም።»

«ሰለምክ?»

«አልሰለምኩም። ምንም አልሆንኩም እማዬ።»

«ተመስገን!» አለችና ሽሮዋን ማማሰል ቀጠለች።

በእሷ ቤት ጉዳዩ እዚያው ላይ ተዘጋ። ከየካ ሚካኤል አጥር ሥር አድጎ ወደ ሌላ የሄደ ልጅ ያሳፍራል፤ የትም ያልሄደ ግን ምን ይወራበታል? የከበደው ነገሩ ሰፈር ሲደርስ ነው። ጎረቤት ምክንያት ይፈልጋል። ገሚሱ «ሴት ከድታው ነው» አለ፤ ገሚሱ «መጽሐፍ አብዝቶ ነው» አለ። በሰፈራችን መጽሐፍ ያበዛ ሰው ወይ መነጽር ያደርጋል ወይ ነካ ያደርገዋል። እኔ መነጽሩን በጊዜ ስላደረግኩ፣ ለካ ሁለተኛው ሲጠበቅልኝ ኖሯል።

ከጎረቤቶቻችን አንዷ፣ ልጆቻቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ እናት፣ ነገሩን ፊት ለፊት አነሱት። «እግዜርን ካልፈራህ እንዳትሰርቅ ምን ይከለክልሃል?»

«እርስዎስ እትዬ፣ እሱ የለም ቢባሉ ይሰርቃሉ?»

ትንሽ አሰቡ። ማሰባቸው አስደነገጠኝ። ከዚያ ቦርሳቸውን ከጎኔ አንሥተው በወዲያኛው ጎናቸው አደረጉት።

እውነቱን ለመናገር ያስቀየመኝ የለም። ምክንያቴ ለወሬ እንኳ የማይመች ነው። በ40 ቀኔ ክርስትና የተነሣሁት እዚህ ስለተወለድኩ ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ ከሚኖር ቤተሰብ ተወልጄ ቢሆን፣ ዛሬ በዚሁ ድምፅና በዚሁ እርግጠኝነት በሌላ እምል ነበር። የሰማይና የምድር ምሥጢር እንደ ቀበሌ መታወቂያ በመኖሪያ አድራሻ የሚታደል ከሆነ ይቅርብኝ አልኩ። ጨርሶ የለም ብዬ የምምልም አይደለሁም፤ የሚያሳምነኝ አላገኘሁም ነው የምለው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ «እንግዲያው ትንሽ ታምናለህ» ይለኛል።

እናቴ ግን ማስረጃ አላት። ማስረጃዋ ጥላ ነው። ማትሪክ ልፈተን ስል ለየካ ሚካኤል ተሳለች፤ አለፍኩ፤ ዳር ዳሩ ወርቃማ ዘርፍ የተንዠረገገበት ቀይ ከፋይ ጥላ አስገባች። በየዓመቱ ጥር 12፣ ሌሎቹ ታቦታት በዋዜማው ገብተው ሚካኤል ብቻውን መንገዱን ሞልቶ ሲመለስ፣ ከዚያ ሁሉ ጥላ መካከል የራሷን ትለየዋለች። ክርኗን ጎኔ ላይ ሰክታ «ያውና ማትሪክህ» ትለኛለች።

«አጥንቼ እኮ ነው ያለፍኩት። ሌሊቱን ሙሉ አላንቀላፋሁም።»

«ማን አነቃህ?»

«ቡና።»

«ቡናውን ማን አፈላው?»

«አንቺ።»

«እኔንስ ማን አቆመኝ?»

ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ስንት ብራና የፈጀበትን ክርክር እናቴ በአንድ ሲኒ ጨረሰችው። አኩዊናስን ስላነበብኩ መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን እናቱን «አንቺን ማንም አላቆመሽም» የሚል ልጅ እስቲ አምጡልኝ።

በቤተሰባችን ከእኔ በፊት አንድ ኢ-አማኒ ነበር፤ የክርስትና አባቴ የሆነው አጎቴ። በደርግ ዘመን ካድሬ ነበር፤ በውይይት ክበብ ዲያሌክቲካዊ ቁሳዊነት ያስተምራል። እኔን ክርስትና የሚያነሣ ወንድ ሲጠፋ ጎህ ሳይቀድ ኩታውን እስከ ቅንድቡ ተከናንቦ፣ እኔን አቅፎ ቤተ ክርስቲያን ገባ። ጠዋት በእኔ ስም ሰይጣንን ካደ፤ ከሰዓት በመንግሥት ስም እግዚአብሔርን ካደ። በአንድ ቀን ሁለቱንም የካደ ሰው ከእሱ ሌላ አላውቅም።

ቀልዱ ግን ከዚህ አያልፍም። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሰዎች «እግዜር የለም» ሲባል ፊታቸው የሚጠቁረው ፍልስፍና ትዝ ብሏቸው አይደለም፤ የቀበሌ ጥበቃ ጠመንጃ ትዝ ብሏቸው ነው። ያኔ አለማመን የመንግሥት ሥራ ነበረ። እኔ ጠመንጃም ደመወዝም የሌለኝ፣ በራሴ ጊዜና በራሴ ወጪ የማላምን ሰው መሆኔን ለማስረዳት ብዙ ደክሜአለሁ።

ከካድሬ የተሻለ የሀገር ሰው ምስክር ስፈልግ ዘርዓ ያዕቆብ ትዝ አለኝ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከአክሱም ሸሽቶ፣ ተከዜ አካባቢ ዋሻ ውስጥ ተቀምጦ የሁሉንም ሃይማኖት በልቦናው መረመረ የሚባለው ፈላስፋ። ሐተታውን ሳነበው፣ ዋሻ ሲገባ ይዞ የገባው መዝሙረ ዳዊት ኖሯል! ጾሙንና ምንኩስናውን ይተቻል እንጂ ፈጣሪውን ከእናቴ ባላነሰ ያምናል። በዚያ ላይ ኮንቲ ሮሲኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1920 ተነሥቶ፣ መጽሐፉን የጻፈው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል የካቶሊክ መነኩሴ ነው አለ። ክሎድ ሰምነር ለዘርዓ ያዕቆብ ጠበቃ ቆመ፤ ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። ማንም ይርታ ማን፣ የእኔ ምስክር ወይ አማኝ ነው ወይ መነኩሴ።

በወር በ12 የእናቴ የሚካኤል ማኅበር አለ፤ ተራው ሲደርሰን ቤታችን ይውላል። አግዳሚ የምሸከመው፣ ዳቦውን የማዞረው እኔ ነኝ፤ ለኢ-አማኒ የተከለከለ ጠላ ስለሌለም ጠላዬን እጠጣለሁ። በአንዱ ማኅበር ላይ የንስሐ አባታችን አጠገብ ተቀመጥኩና «አባ፣ እኔ እኮ አላምንም» አልኳቸው።

አባ ከጠላቸው ጎንጨት አሉ። «መቼ ጀመረህ?»

«ቆየ።»

«ከንስሐ አባትህ ደብቀህ መቆየትህ ነው ጥፋቱ። በል አርባ ስገድ።»

«ለማን ልስገድ አባ?»

«ለጊዜው ለወገብህ ስገድ። ሌላውን ቀስ ብለን እናየዋለን።»

እናቴ ይህ በስግደት የሚለቅ አይደለም አለች። ኅዳር ውስጥ፣ ጎህ ሲቀድ፣ እንጦጦ ተራራ ላይ ካሉት ጠበሎች ወደ አንዱ ወሰደችኝ። ዳገቱን ስንወጣ፣ በዚሁ ተራራ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች እንዳሉና የኛው ልጆች በእነሱ ከዋክብትን እንደሚያጠኑ ነገርኳት።

«ታዲያ አይተው የለም አሉ?»

«እሱን አይደለም እኮ የሚፈልጉት።»

«ካልፈለጉትማ እንዴት ያገኙታል!»

ሸሚዜን አውልቄ ተራ ገባሁ። ውኃው ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ ከዚያ በፊት አውጥቼው የማላውቀው ድምፅ ከጉሮሮዬ ወጣ። «ጮኸ! ጮኸ!» አሉ ከኋላዬ የተሰለፉት። አጥማቂው መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ ተክለው «ትወጣለህ አትወጣም?» ብለው አፈጠጡብኝ።

«እወጣለሁ! አሁኑኑ እወጣለሁ!» አልኩ ጥርሴ እየተንገጫገጨ።

እልልታው ቀለጠ። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ጠረገች። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት ስለማላውቅ፣ እወጣለሁ ያልኩት በርዶኝ መሆኑን ማስረዳቱን ለሌላ ቀን አሳደርኩት። ያ ሌላ ቀን እስካሁን አልመጣም።

የቀረው የሞት ጉዳይ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 የሃይማኖት፣ የእምነትና የአመለካከት ነጻነት ሰጥቶኛል፤ መቃብር ግን አይቆፍርልኝም። የሚቀብረው እድር ነው፤ ቦታ የሚሰጠው ደብር ነው፤ ደብሩ ደግሞ የሰበካ ጉባኤ ክፍያህንና የንስሐ አባትህን ይጠይቃል። በ1999ኙ ቆጠራ ከአዲስ አበባ ነዋሪ 74.7 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 16.2 በመቶው ሙስሊም፣ 7.8 በመቶው ፕሮቴስታንት ነበር። ሁሉም ማረፊያው ይታወቃል። ከቀሪዋ 1.3 በመቶም ካቶሊኮቹ የራሳቸው አላቸው። እነሱ ሲነሡ የምንቀረው ሰዎች፣ በግልጽ ባይነገረንም፣ መሞት አልተፈቀደልንም።

ነገሩን ለእድራችን ዳኛ አቀረብኩ። ጋሼ ሠላሳ ዓመት የዳኙ ሰው ናቸው፤ አይደነግጡም። የመተዳደሪያ ደንቡን ገለጥ አድርገው «የሙስሊሙን አባል ወደ ሙስሊሙ መቃብር፣ የጴንጤውን ወደ ጴንጤው እንሸኛለን። አንተን የት እንበል? ጥሩምባ ነፊው ቦታውን ጠርቶ መናገር አለበት» አሉኝ።

«ልቃጠል።»

«እሱማ አይቀርልህም። ግን ከቀብር በኋላ ነው።»

«እሺ እንጦጦ ላይ፣ አንዱ ባሕር ዛፍ ሥር።»

«አሁን ፓርክ ሆኗል። ድንኳን አያስተክሉንም።»

«ማዘጋጃ ቤት ባይተዋር የሚቀብርበት ቦታስ?»

እዚህ ላይ ጋሼ ተቆጡ። «እድር እያለህ? ስማችንን ልታጠፋው ነው!»

ከጎናቸው ተቀምጦ ቃለ ጉባኤ ይገለብጥ የነበረው የእድሩ ጸሐፊ የሰበካ ጉባኤውም ገንዘብ ያዥ ነው። ቀና ብሎ «የዚህ ልጅ ክፍያ እኮ ሙሉ ነው፤ የዘንድሮውም ገብቷል» አለ። ለካ እናቴ በየዓመቱ በስሜ ስትከፍል ኖራለች። ማታ ስጠይቃት ጆሮዋን ከሬዲዮው ሳትነቅል «የመብራቱንም የውኃውንም የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ስለ እሱ አንድ ቀን ተከራክረኸኝ ታውቃለህ?» አለችኝ።

ጋሼ ግን ሰው ተከፍሎለትም በቃሉ ይዳኛል የሚሉ ናቸው። የከፈለና የማያምን አባል በደንባችን ላይ የለም፤ አዲስ አንቀጽ ያስፈልጋል፤ አንቀጽ የሚያጸድቀው ጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ ጠቅላላ ጉባኤው የሚሰበሰበው ጥር ላይ ነው አሉ። አጀንዳውን በእጃቸው ጽፈው፣ ብዕራቸውን ከድነው፣ እስከ በሩ ድረስ ሸኙኝ።

«እስከ ጥር ግን አደራ» አሉኝ ትከሻዬን ይዘው፣ «እንዳትሞት።»