ለእንግዳ ይቀመጥ

የቤታችን የገንዘብ ሚኒስትር አማቴ ናቸው። ሹመቱን የሰጣቸው የለም። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ስትገላገል ሊያርሷት መጡ፤ ገንፎው ተበልቶ አለቀ፣ ሕፃኑ አድጎ ትምህርት ቤት ገባ፣ እሳቸው ግን እስከ ዛሬ ሥልጣን ላይ ናቸው። የሥልጣን ዘመን ገደብ የለባቸውም። ተቃዋሚ ፓርቲ አለባቸው ከተባለ እሱ እኔ ነኝ፤ እኔም በጀት በጸደቀ ቁጥር ድምፀ ተአቅቦ ከማድረግ አልፌ አላውቅም።

የሥራ ቀናቸውን የሚጀምሩት በመብራት ነው። ከክፍል ክፍል እየዞሩ ማጥፊያውን ቀጭ፣ ቀጭ ያደርጉታል። "ሽንት ቤቱን ለማን ነው ያበራችሁለት? ለጅብ ነው?" ይላሉ። አንድ ምሽት መጽሐፍ እያነበብኩ ሳለ ክፍሉ ድንገት ጨለመ።

"እማማ፣ እያነበብኩ እኮ ነው!"

"ትናንትም ይህንኑ ስታነብ አልነበር እንዴ? እስካሁን አልገባህም?"

ተቃዋሚ ነኝና በአኃዝ ልሞግታቸው ተነሳሁ። "እማማ፣ የእኛ አምፖል 9 ዋት ነው። ምጣዱ ደግሞ 3,500 ዋት ያህል ይበላል። ምጣዱ በአንድ ሰዓት የሚፈጀውን ለመፍጀት አምፖሉ 16 ቀን ከነሌሊቱ መብራት አለበት።" በትዕግሥት አስጨረሱኝና፣ "ምጣዱ በልቶ እንጀራ ይሰጠኛል። አምፖሉ ሰው በሌለበት በርቶ ምን ይሰጠኛል?" ብለው ማጥፊያውን ተጫኑት።

የምጣዱንም ነገር ቢሆን ከእኔ አስቀድመው ያውቁታል። ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ማሰሻው ተዘጋጅቶ፣ ሰፌዱ ቀርቦ ካላዩ ሶኬት አይሰኩም። የሳምንቱ እንጀራ በአንድ ሙቀት ይወጣል፤ ምጣድ ለጥቂት እንጀራ በየሁለት ቀኑ ማጋል ሸክላ መቀለብ ነው ባይ ናቸው። ሊጡ ሊያልቅ ሲል ሶኬቱ ይነቀላል፤ የቀረው ሸክላው በያዘው ግለት ይበስላል። ከዚያም ለሽሮው የሚሆን አብሽ ይታመስበታል፣ የከረመ እንጀራ ተቆራርሶ ይደርቅበታል። ምጣዱ እረፍት የሚያገኘው እጅ ቢያስቀምጡበት የማያቃጥል ሲሆን ብቻ ነው።

ኮንዶሚኒየም ከመግባታችን በፊት ከሌሎች ተከራዮች ጋር በአንድ ቆጣሪ እንጠቀም ነበር። የጋራ ስለሆነ ይቀለናል ብለን ደስ ብሎን ነበር። አማቴ ሊጠይቁን በመጡ ጊዜ የመብራት ቢሉን አይተው፣ "ይህ ሁሉ ሰው በአንድ ሂሳብ?" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነታቸውን ነበር። የመብራት ታሪፍ በደረጃ የተሠራ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓት ርካሽ ናቸው፣ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ለየብቻው ቢሆን በርካሹ ደረጃ ይቀር የነበረው ቤተሰብ ሁሉ ተደምሮ የባለጸጋ ሂሳብ ይመጣበታል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ውሃም እንደዚሁ። በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚያንጠባጥብ ቧንቧ እያዩ መተኛት አይችሉም። አንድ ቧንቧ በየሰከንዱ አንዲት ጠብታ ቢጥል በቀን 20 ሊትር ያህል፣ ማለትም አንድ ቢጫ ጀሪካን ይፈሳል። ይህን ሂሳብ ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በአድናቆት አዩኝ፤ ከዚያም "ታዲያ ተቀምጠህ ከምትቆጥር ለምን አታሠራውም?" አሉኝ። ቧንቧ ሠሪው "እየመጣሁ ነው" እያለ ሲቀር፣ እሳቸው ካረጀው ነጠላ ጫማዬ ክብ ላስቲክ ቆርጠው ቧንቧው ውስጥ ከተቱት። ጠብታው ቆመ። ጫማው ያላረጀ መሆኑን የነገርኳቸው ዘግይቼ ነው።

ወደ ጓዳ እንግባ። የታሸገ ውሃ የያዘ ፕላስቲክ፣ ማንም ኩባንያ ይሙላው፣ በእኛ ቤት ስሙ ሃይላንድ ነው፤ ሃይላንድ ደግሞ እኛ ቤት ከገባ ሥራ ይቀጠራል። ሥራ የሚጀምረው ለልጁ ውሃ በማመላለስ ነው። ቀጥሎ ከእንጦጦ ጠበል ያመጣል። ከዚያ ዘይት ቤት ይዛወራል። አርጅቶ ሲጎብጥ መሐሉን ይቆረጣል፤ የላይኛው ግማሽ ዘይት ለመገልበጥ፣ የታችኛው ጤና አዳም ለመትከል ይውላል። አንድ ሥራ ብቻ ለሃይላንድ ክልክል ነው፤ በረኪናና ላምባ አይያዝበትም። እነዚያ በየራሳቸው ዕቃ ሆነው ልጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ይቀመጣሉ። ውሃ መስሎት የጠጣ ልጅ የሚያስወጣው ወጪ በምንም ቁጠባ አይመለስም፤ አማቴ በዚህ ቀልድ አያውቁም።

እንጀራም የራሱ የጊዜ ሰሌዳ አለው። መጀመሪያ በወጥ ይበላል፣ ሰንበት ሲል ፍርፍር ይሆናል፤ የተረፈው ሻጋታው ከመቅደሙ በፊት ይቆራረስና ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የሻገተ ከተገኘ ጫፉን ቆርጦ መብላት የለም፣ እንዳለ ይጣላል፤ በለስላሳ ምግብ ላይ ሻጋታው ዓይን ከሚያየው ቦታ አልፎ ይሄዳልና። ሲጥሉ ያየኋቸው ብቸኛ ነገር ይኸው ነው፤ ሲጥሉትም ይቅርታ የሚጠይቁት ይመስላሉ። ድርቆሹ ግን ወራት ይቆያል። ዱሮ የዘማችና የነጋዴ ስንቅ ነበር፣ ዛሬ የዋሽንግተንና የጅዳ ተጓዥ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ዋሽንግተን ላለው ለባለቤቴ ወንድም ሲልኩለት፣ "ለምን እንጀራውን እንዳለ አንልክለትም?" ብዬ ነበር። ከእንጀራ ክብደት ከግማሽ የሚበልጠው ውሃ ነው፤ ሻንጣው ደግሞ 23 ኪሎ ብቻ ይይዛል። እሳቸው ይህን ሁሉ አላሰሉም። "ውሃማ እዚያም አለ" ብለው ዘጉት።

የፌስታል ነገር ከመንግሥት ጋር ያጋጫቸዋል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ጠቅልሎ አገደው። ዜናውን በቴሌቪዥን አብረን ሰማን። አማቴ ቀስ ብለው ተነሡ፣ ከፍራሻቸው ሥር የከረመውን፣ ታጥቦና ተጣጥፎ በጥራትና በመጠን የተለየውን ክምችት ተመለከቱ፣ ፍራሹን መለሱት። "ገበያ አላወጣቸውም፤ እዚሁ ያረጃሉ" አሉ። ለራሳቸው ግን አዋጁ አዲስ ነገር አላመጣባቸውም፤ ገበያ ሲወጡ ዘንቢላቸውን ትተው ሄደው አያውቁም።

ገበያቸውም በወር ደመወዝ አይመራም። ጤፍ አዝመራው ገብቶ ገበያው ሲረጋ፣ በርበሬ ደግሞ ከማሳ ትኩሱን ሲወጣ ይገዛል። ሽንኩርት በክረምት መጨረሻ እንደሚወደድ ስለሚያውቁ ለእንቁጣጣሽ የሚሆነውን ሰው ሳያስበው ያስገባሉ። ዶሮም በዋዜማ አይገዙም። ባለፈው ፋሲካ አውራ ዶሮው ቀደም ብሎ ተገዝቶ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ታሰረ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ እየጮኸ ሕንጻውን በሙሉ ይቀሰቅስ ጀመር። ጎረቤት አቤት ሲል አማቴ፣ "ለኪዳን የሚቀሰቅሳችሁ በነፃ አገኛችሁ" አሉ። እስከ በዓሉ የበላው እህል ሲታሰብ በዋዜማው ዋጋ ብንገዛው ይሻል እንደነበር የማውቀው እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን፤ ድምፀ ተአቅቦ አድርገናል።

ከቤት የሚወጣ ዕቃም በሥርዓት ነው የሚወጣው። ብረታ ብረቱ ለቁራሌው፣ ልብሱና ጫማው ለልዋጭ። ለቁራሌው የተሰጠው ቆርቆሮ መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ ምድጃ ወይም ኩራዝ ሆኖ ይመለሳል፤ አማቴ የከሰል ምድጃ ሲገዙ አገላብጠው አይተው፣ "ይቺን ቆርቆሮ የማውቃት ይመስለኛል" ብለው ዋጋ ያስቀንሳሉ። ከልዋጩ ጋር ግን ቂም አለኝ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የሠርጌ ሱፍ የለም፤ በምትኩ አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳፋ መሐል ቤት ተቀምጧል።

"እማማ፣ የሠርጌ ሱፍ እኮ ነው!"

"አግብተህ የለም እንዴ? ሌላ ልታገባበት ነው?"

ባለቤቴም መልሱን ለመስማት ከጓዳ ብቅ አለች። ሳፋውን አመሰገንኩ።

እስካሁን የተነገረውን የሰማ ሰው ቤታችን በገንዘብ ሞልቷል ብሎ ሊያስብ ይችላል። ገንዘቡ የት እንደሚሄድ የሚታወቀው በሩ ሲንኳኳ ነው።

እንግዳ ሲገባ መብራት ሁሉ ይበራል፤ የሽንት ቤቱም፣ የበረንዳውም፣ እንግዳው የማይደርስበት መኝታ ቤትም ሳይቀር። ሶፋው ዓመቱን ሙሉ የለበሰው ጨርቅ ይገፈፍለትና ቀለሙን እኛም እንደ አዲስ እናየዋለን። ቡፌው ይከፈታል። አፋቸው ወርቅማ የሆኑት ስኒዎች ይወጣሉ። አቦሉ እንቅልፍ ይነሳሃል ተብሎ በረካው የሚደርሰኝ እኔ፣ እንግዳ ቶናው ላይ ሲደርስ አዲስ ቡና ሲቆላለት አያለሁ። ለወር ተብሎ የተቀመጠው ቅቤ በአንድ ድስት ያልፋል። አሥራ ሁለቱ ብልት ተሟልቶ ዶሮው ይቀርባል፤ እንግዳው "አሁን በልቼ ነው የመጣሁት" ሲል "አፈር ስሆን!" ይባላል። አማቴም ቤቱ ከወር በላይ ያላየውን ማዕድ አስቀምጠው፣ "ምንም የለም፣ ቤት ያፈራውን ነው" ይላሉ። ልጄ በዓይኑ ይጠይቀኛል፤ እኔም ዝም በል እለዋለሁ።

አንድ ጊዜ እንግዳው ከወጣ በኋላ ቁጭ ብዬ ደመርኩ። ከአምፖሉ፣ ከቧንቧው፣ ከምጣዱ፣ ከፌስታሉ ተለቃቅሞ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ከሰዓት ተጠርጎ ሄዷል። ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ።

"እማማ፣ ይህን ሁሉ ቆጥበን የተረፈን ነገር እኮ የለም።"

"ታዲያ ለማን ነበር የምቆጥበው?" አሉኝ። የገረማቸው የምሬን መሆኑ ነው።

ያን ቀን ገባኝ። ባንኩ ቆጥቡ የሚለን ለነገ ነው፤ አማቴ የሚቆጥቡት በስም ለማያውቁት፣ መቼ እንደሚመጣም ላልነገራቸው ሰው ነው። ሰፈራችን ውስጥ አምፖል የሚያጠፋ ብዙ አለ። ንፉጉ ግን እንግዳም መጥቶ አያበራም፤ ያጠራቀመውን ለማን እንደሚያወጣው ስላልወሰነ ሲጠብቅ ይኖራል። አማቴ መቼ እንደሚያጠፉም መቼ እንደሚያበሩም ያውቃሉ።

በዚህ ሥርዓት የተጎዳሁት እኔ ነኝ። ምክንያቱም እኔም አንድ ጊዜ እንግዳ ነበርኩ። ሽማግሌ ልኬ እሺ የተባልኩ ሰሞን እነዚያ ስኒዎች ለእኔ ነበር የሚወጡት። እንቁላሉ ሁለት ሆኖ ይቀርብልኝ ነበር፤ "ይሄ ልጅ አይበላም እንዴ?" እየተባለ ይታዘንልኝ ነበር። ሠርጉ አለፈ፣ መልሱ ተበላ፣ ቅልቅሉም ተደረገ፤ ከዚያ ወዲህ ቤተሰብ ነኝ። ስኒዎቹን የማያቸው በቡፌው መስታወት በኩል ነው።

ሹመቴን ለማስመለስ ሞክሬያለሁ። ከመስክ ሥራ የተመለስኩ ዕለት ሻንጣዬን ይዤ፣ በቁልፌ መክፈቱን ትቼ፣ እንደ ሰው በሩን አንኳኳሁ። ውስጥ መብራት ሲበራ ሰማሁ፤ ቡፌውም ሲንቀጫቀጭ። በሩ ተከፈተ። አማቴ አዩኝ፣ ከኋላዬ ሌላ ሰው ካለ ብለው ደረጃውን አዩ።

"ቁልፍህን ጣልከው እንዴ? ደግሞ ማስቀረጫ ልናወጣ ነው?" አሉና መብራቱን አጠፉት።

ስለዚህ ቁጠባን በሚመለከት ለአንባቢ የማካፍለው ምክር አለኝ። ምጣዱን በሳምንት አንዴ አግሉት፤ ቧንቧውን ዛሬ አሠሩት፤ በጋራ ቆጣሪ አትታለሉ፤ እንጀራው ሳይሻግት አድርቁት። ይህን ሁሉ ካደረጋችሁ በኋላ ደግሞ እንግዳ ጥሩ፤ የቆጠባችሁትን እናንተም የምትቀምሱት ያን ጊዜ ነው። የሚጠራ ካጣችሁ ወደ እኛ ቤት ኑ፤ ለእናንተ ሳይሆን ለራሴ ብዬ ነው የምለምናችሁ። ዘንቢል ይዛችሁ ከመጣችሁ ግን ተሰናበቱት፤ እኛ ቤት ከገባ ሥራ ይቀጠራል።