ጉድለት የጎደላቸው ጀግኖች

በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመውና በኋላ «ጦቢያ» የተባለው «ልብ ወለድ ታሪክ» የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። መንትዮቹ ጀግኖች፣ ዋህድና ጦቢያ፣ እንከን የሚባል አልፈጠረባቸውም። ዋህድ ለአባቱ የተዋለውን ውለታ ሊመልስ ወጥቶ ለባርነት ይሸጣል፤ ጦቢያ ወንድ መስላ ፍለጋ ትወጣለች። መልኳ በወንድ ልብስም አልደበቅ ብሎ ሴት ያስደነግጣል። በመጨረሻ አንድ ንጉሥ ሳይቀር እምነቱን ለውጦ ያገባታል፤ ከዚህ በላይ ምን ይደረግላት?

የዛሬው አንባቢ ግን ቅር ይለዋል። ጀግናው ቢያንስ ቂመኛ ወይም ትንሽ ፈሪ ቢሆንለት ይወዳል። ቅሬታው የሽፋኑን ስም ዘሎ ከማንበብ የመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ የሚፈልገው ጉድለት እዚያ አለ፤ ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለወራሪው አድረው «አፈ ቄሳር» ተብለዋል፤ ከነጻነት በኋላም ወደ ጅማ ተግዘው እዚያው አርፈዋል።