ከዚህ ቤት እንዳይወጣ

ፍራንክፈርት፣ ጋሉስ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ። ቅዳሜ ከሰዓት። የጢስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህ ዕጣኑ በረንዳ ላይ ይጨሳል። ቡናውን የምታፈላው የቤቱ እመቤት እትዬ ብርቄ ናት። ጎረቤቷ አልማዝና ጡረታ የወጣው ታክሲ ነጂ ጋሽ ታደሰ ሶፋው ላይ ናቸው። ሜሮን በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ የምትሠራው የእትዬ ብርቄ የቤተሰብ ሐኪም፣ እዚያ አገር «ሃውስአርትስት» የሚሉት፣ ክሊኒክ ውስጥ ነው።

ብርቄ፦ እንግዲህ ከዚህ ቤት እንዳይወጣ።

አልማዝ፦ በጊዮርጊስ! የት ይወጣል?

ብርቄ፦ ጨጓራዬን በቱቦ አይተውት አልነበር? ሐሙስ ውጤቱን ነገሩኝ። ቁስል አለው፣ ባክቴሪያም አለበት አሉ።

ታደሰ፦ ሰምቻለሁ። እግዜር ይማርሽ።

ብርቄ፦ ከማን ሰሙ?

ታደሰ፦ ከባለቤቴ።

ብርቄ፦ እሷስ ከማን?

ታደሰ፦ (አልማዝን ላለማየት ጣሪያውን እያየ) እንጃ።

አልማዝ፦ እኔ ጸልዩላት ነው ያልኩት! ለምን እንደሚጸለይ ሳይነገር ይጸለያል እንዴ?

(አልማዝ በአስተርጓሚነት የጨጓራ ሐኪሙ ጋ አብራት ገብታ ነበር። ጀርመን ውስጥ የሕዝቡ የጤና ኢንሹራንስ ለአስተርጓሚ በመደበኛው አይከፍልም። ስለዚህ የሚያስተረጉመው ጎረቤት ነው፤ ጎረቤት ከጠፋ የአሥር ዓመት ልጅ። ሐኪሙን ሕግ ይይዘዋል፣ ጎረቤትን የሚይዘው ይሉኝታ ብቻ ነው፤ ይሉኝታ ደግሞ ቡና ላይ ይላላል።)

ብርቄ፦ ስወጣ ጠረጴዛው ጋ ያለችው ልጅ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «የቤተሰብ ሐኪምዎ ማን ነው? ውጤቱን እንላክለት?» ምን አግብቶት! «ናይን!» አልኳት።

አልማዝ፦ ያንን እንኳ እኔ አልተረጎምኩላትም።

ብርቄ፦ ሜሮንዬ፣ ቅር እንዳይልሽ። አንቺን ጠርጥሬሽ አይደለም። ብቻ እዚያ ሐበሻ አለ፤ ሐበሻ ካለ ደግሞ ታውቂዋለሽ።

ሜሮን፦ ኧረ ምንም አይደል። መብትዎ ነው።

ታደሰ፦ ሐኪም ለሐኪም ለመላክም ትጠየቃለች?

ሜሮን፦ አዎ። ስፔሻሊስቱ የቤተሰብ ሐኪምዎ ማን ነው ብሎ መጠየቅ ግዴታው ነው፤ ውጤቱን የሚልከው ግን እሳቸው ከፈቀዱ ነው። ዛሬ ፈቅደው ነገ ሐሳባቸውን ቢቀይሩም ይችላሉ።

ታደሰ፦ እናንተ ብታወሩስ?

ሜሮን፦ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 203 አለ። እስከ 1 ዓመት እስራት፣ ወይም መቀጮ። ዶክተሩንም እኔንም ይመለከታል። ሕመምተኛው ቢሞትም ምስጢሩ ምስጢር ነው።

ታደሰ፦ ቢሞትም! እኛ ዘንድ እኮ ወሬው የሚጀምረው ከሞተ በኋላ ነው፤ ድንኳን ውስጥ።

ብርቄ፦ ይሳቁ እርስዎ። አገር ቤት ሳለሁ የካርድ ክፍሉ ሰውዬ በመስኮት ብቅ ብሎ «የሳንባዋ የታለች?» እያለ ሲጣራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወረፋው ላይ ሰፈርተኛው ሁሉ አለ። የልጅቷ ሠርግ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ የኔን ወረቀት ማንም አያየውም።

(በዚህስ ማንም አልሳቀም። ሁለተኛው ስኒ እስኪቀዳ ዝም ተባለ።)

አልማዝ፦ ያንን የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብም እምቢ ብላለች እኮ።

ሜሮን፦ በፈረንጆቹ 2025 የመጣውን? እሱም ይቻላል። አልፈልግም ያለ ሰው አይከፈትለትም።

ብርቄ፦ የኢንሹራንስ ካርዴን ማሽኑ ውስጥ ካስገቡት ሐኪሙ 90 ቀን፣ ፋርማሲው 3 ቀን ያያል አሉኝ። 90 ቀን! ሁዳዴ እንኳ 55 ነው። አልማዝ ደብዳቤውን ጻፈችልኝ፣ ለኢንሹራንሱ ላክን፣ አለቀ።

አልማዝ፦ ቁጥሯን በቃሌ ይዤዋለሁ።

ታደሰ፦ ታዲያ አሁን ውጤቱ የት ነው ያለው?

ብርቄ፦ ስልኬ ላይ። ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ልጅ ልኬለት ነበር፣ አዲስ አበባ ፋርማሲ ይማራል። አብራራልኝ ብዬ።

ታደሰ፦ ጀርመንኛ ይችላል?

ብርቄ፦ የት ያውቅና! ለዚህ አይደል የሚችል ካለ ብሎ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ የለጠፈው።

ታደሰ፦ (መነጽሩን አድርጎ ስልኩን ያወጣል) የትኛው ግሩፕ? ውይ፣ እኔም አለሁበት! 143 ሰው። ቤተሰብሽ ይህን ያህል ነው እንዴ?

ብርቄ፦ ማኅበሩም እዚያው ነው።

ታደሰ፦ ዳላስ ያለችው ተልባ በማር ትላለች። ከጅዳ አብሽ ታዟል። አንዱ ጠበል ብሎ አድራሻ ልኳል። ይሄኛው ደግሞ «የኢንሹራንስ ቁጥሯ ይታያል፣ ሸፍኑት!» ብሎ ቁጥሩን በቀይ ከብቦ እንደገና ለጥፎታል።

ብርቄ፦ እግዜር ይስጠው። አሳቢ ልጅ ነው።

(ለሦስተኛው ስኒ ልትነሳ ስትል ጉልበቷን ትይዛለች።)

ብርቄ፦ ውይ፣ ይሄ ጉልበት! ሜሮንዬ፣ ቦርሳዬን አቀብዪኝ። የሕመም ማስታገሻዬን፣ ኢቡዬን ልዋጥ።

ሜሮን፦ (ቦርሳውን እንደያዘች) እትዬ ብርቄ... አንዴ ኩሽና ይምጡልኝ።

ብርቄ፦ እዚሁ ንገሪኝ፤ ከእነሱ ምን የምደብቀው አለኝ?

ሜሮን፦ እዚህ አልችልም።

አልማዝ፦ ሌላ ነገር ተገኘባት! እኔ አስተርጓሚዋ ሳልሰማ!

ሜሮን፦ ኧረ ምንም አልተገኘም! እሺ... ስለ እርስዎ አላወራም። ስለማላውቃት አንዲት ሴትዮ እንበል። የጨጓራ ቁስል ያለባት ሴትዮ ኢቡ መዋጥ የለባትም። ቁስሉን ያባብሰዋል፣ ሊያደማውም ይችላል።

ብርቄ፦ ዶክተሯ ነው እኮ ያዘዘላት! 600ውን! ባለፈው ወር!

ሜሮን፦ የሴትዮዋ ዶክተር ቁስል እንዳለባት አያውቅማ።

ታደሰ፦ 143 ሰው ያውቃል።

ሜሮን፦ የጨጓራው ሐኪምስ የምትወስጂው መድኃኒት አለ ወይ ብሎ አልጠየቃትም?

አልማዝ፦ ጠይቋል። የለም ብዬ መለስኩለት።

ሜሮን፦ ለምን?

አልማዝ፦ የጉልበቴን ነገር እንዳታነሺ ብላኛለቻ! ጉልበት ከተነሳ ዕድሜ ይነሳል። እኔ የሰው ምስጢር አላወጣም።

(ሜሮን ጭንቅላቷን ያዘች። እዚህ ቤት ውስጥ አፏን የሚዘጋ ሕግ ያለባት እሷ ብቻ ናት፤ የሚረባ ነገር የምታውቀውም እሷ ብቻ።)

ብርቄ፦ በይ እሺ፣ ይላክለት። ላኪለት።

ሜሮን፦ እኔ መላክ አልችልም። ሰኞ ስፔሻሊስቱ ጋ ደውለው ፈቅጃለሁ ይበሏቸው፤ ወይም ወረቀቱን ራስዎ ይዘውልን ይምጡ። ኢቡውን ግን ከዛሬ ጀምሮ አይንኩት። ለጉልበትዎ ዶክተሩ ሌላ ይፈልግልዎታል።

ብርቄ፦ እስከ ሰኞ ለምን እንጠብቃለን? ዶክተሩን ግሩፑ ውስጥ እናስገባው! ስልክ ቁጥሩ አንቺ ጋ አይጠፋም።

አልማዝ፦ (ስኒዋን ዘጭ አድርጋ) አንቺ ሴትዮ አብደሻል? የኔም ሃውስአርትስት እሱ ነው እኮ! ስኳሬን እስከ ዛሬ ደብቄው የኖርኩትን፣ ግሩፑ ላይ ሊያነበው ነው?

ታደሰ፦ የኔ ኪንታሮትስ?