የባልደራሱም ስም ይጠራ!

«ለፈረስ ይህ ሁሉ ፍቅር? የባለጸጋ ቅብጠት ነው!» ትለኛለህ።

ቅብጠትማ ክረምት አይሻገርም ወዳጄ! ዳግማዊት ንግሥት ኤልሳቤጥ ፔጊ የምትባለውን ትንሽዬ የሼትላንድ ፖኒ ከአያታቸው ከንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ሲቀበሉ የአራት ዓመት ልጅ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ሻሻቸውን አስረው በዊንዘር ግቢ ባልሞራል ፈርን በተባለ የፌል ፖኒ ላይ ታዩ፤ ዕድሜያቸው 94! መሐሉን ቁጠረው፤ ዘጠና ዓመት ነው። ዘጠና ዓመት የቆየ ቅብጠት ካለህ አምጣና አሳየኝ።

«ንግሥት ሆነው በፖኒ? ያውም በአጋሰስ ዘር!»

አዎ፣ በአጋሰስ ዘር! ፌል የሚባሉት ፖኒዎች የሰሜን እንግሊዝ ተራራ ልጆች ናቸው። ቅድመ አያቶቻቸው ከማዕድን ጉድጓድ የወጣ እርሳስ ተጭነው ዳገት ቁልቁለቱን ሲማስኑ ኖረዋል። ዛሬ ቁጥራቸው ተመናምኖ፣ እንዳይጠፉ ከሚሰጋላቸው የብሪታንያ ዝርያዎች ተርታ ገብተዋል። ንግሥቲቱ ታዲያ ጋልበዋቸው ብቻ አልተዉም፤ አረቧቸው። አንተ ዘር ትቆጥራለህ፣ እሳቸው ዘር ያተርፋሉ!

«ፈረሱ ለሰልፍ ማማሪያ ነው እንጂ ግልቢያ የት ያውቃሉ?»

እሱን እንኳ በርሚስ ትመስክር። ይህች ጉራቻ ባዝራ በ1969 ከካናዳ ፈረሰኛ ፖሊስ የተበረከተች ናት። በጁን 1981፣ በዓመታዊው የንግሥቲቱ የልደት ሰልፍ ላይ፣ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ከተመልካቹ መሐል ስድስት ጊዜ ተኮሰ። ጥይቱ ባዶ መሆኑን በዚያች ሰዓት ማን አወቀ? በርሚስ በረገገች። ንግሥቲቱ በጎን ነበር የተቀመጡት፤ ሁለቱም እግሮቻቸው በአንድ ወገን። ዛቡን ሰብሰብ፣ አንገቷን ዳበስ አድርገው አረጋጓትና ሰልፉን ቀጠሉ። ተኩስ የሰማች ባዝራ «ግርማዊትነትዎ» ብላ አትቆምም፤ የምታምነው እጅ ሲይዛት ብቻ ትቆማለች። በ1986 በርሚስ ጡረታ ስትወጣ ደግሞ ንግሥቲቱ በዚያ ሰልፍ ላይ ሌላ ፈረስ አልተቀመጡም፤ በሠረገላ መሄድ ጀመሩ። ለማማሪያ ቢሆን ኖሮ በቤተ መንግሥቱ ጋጣ ያማረ ፈረስ ጠፍቶ ነው?

«ባልደራሱስ ምን የተለየ ነገር ሠራ? ደመወዙን በላ፣ ሥራውን ሠራ!»

ደመወዝ ሰዓት ይገዛል፤ ዓይን አይገዛም! ማለዳ ጋጣ ገብቶ ይህች ቀለቧን አልጨረሰችም፣ ያች አንድ እግሯን ታነክሳለች ብሎ ቀድሞ የሚያይ ዓይን ገበያ አይወጣም። ቴሪ ፔንድሪ በዊንዘር የንግሥቲቱ ዋና ባልደራስ ሆኖ ብዙ ዓመት አገለገለ፤ ጎን ለጎንም አብሯቸው ጋለበ። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው እናት፣ ያውም ሻሽ ብቻ አስረው፣ ኮርቻ ላይ ሲወጡ የሚቀመጡበትን ፖኒ ጠባይ አብጠርጥሮ ማወቅ ያለበት ማን ይመስልሃል? አንድ የላላ ጠፍር፣ አንድ ያልታየ የኮቴ ቁስል ምን እንደሚያመጣ ባልደራስ ያውቀዋል። ንግሥቲቱ ያለ ሥጋት የወጡት ያንን ሁሉ እሱ አስቀድሞ ስላሰበላቸው ነው።

«በንግሥቲቱ ቀብር ዕለት መቆሙ ግን ለካሜራ ነው።»

ሴፕቴምበር 19 ቀን 2022 አስከሬኑ በዊንዘር ሎንግ ዎክ ሲያልፍ ፔንድሪ ኤማን ይዞ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ነበር። ኤማ ንግሥቲቱ ለዓመታት የጋለቧት ጥቁር የፌል ፖኒ ናት። ኮርቻዋ ላይ ሰው የለም፤ የንግሥቲቱ ሻሽ ብቻ ተደርቦበታል። ካሜራው ለአንድ ቀን መጣ፤ ልጓሙን የያዘው እጅ ግን የዓመታት ነው። ከዘመድ ወዳጅ ተርታ ሊቆም የሚገባው ሰው ቆመ። አንተ ለቅሶ ቤት ስትሄድ ማን አየኝ ብለህ ነው የምትሄደው?

«ፈረንጅ ከፈረሱ ጋር ቢዋደድ እኛን ምን አገባን?»

ይህንንስ ከአበሻ አፍ አልጠበቅሁም! ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው ብሎ በፈረስ ስም ያነገሠ ሕዝብ «ምን አገባን» ይላል? ይልቅ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። የፈረሱን የታጠቅን ገላ ያሻሸው፣ ውኃ ያጠጣው፣ ኮርቻውን የጫነው ሰው ስሙ ማን ነው? ዝም አልክ። ለጌታውም ለፈረሱም ፎከርን፤ ባልደራሱን ግን ጋጣው በር ላይ ትተነው ሄድን።

እንግሊዞቹ ያን ቀን ያደረጉት ትልቅ ነገር ይህ ነው፤ ባልደራሱን ከነፖኒዋ ዓለም ሁሉ በሚያይበት መንገድ ላይ አቆሙት። ጋላቢውን ብቻ የሚያወድስ ሰው ያለ እርካብ ኮርቻ ላይ የሚወጣ ይመስለዋል። ስለዚህ ከእንግዲህ «ንግሥቲቱ በ94 ዓመታቸው ጋለቡ» ስትል የፖኒውንም፣ የባልደራሱንም ስም ጨምረህ ጥራ። ካልጠራህ ወሬው ጎደሎ ነውና እኔ ከመሐል ገብቼ እሞላልሃለሁ!