ለሚመለከተው ክፍል፣ ባለበት

ጉዳዩ፦ ለሞባይል ስልኮች የበረሃ አበል እንዲፈቀድ ስለመጠየቅ

ባለጉዳይ ሁሉ ወደ እርሱ የሚመራው፣ ቢሮው ግን የት እንደሆነ የማይታወቀው የሚመለከተው ክፍል፣ በአዋሽና በሰመራ መሥሪያ ቤቶች የኢንተርኔቱን ሥራ ማን እንደሚሠራ በይፋ ሳይነገረው መቆየቱ ተገቢ ሆኖ ስላልተገኘ ይህ ደብዳቤ ተጽፏል።

ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ወደ አገር ሲገባ፣ ሞደም የኮምፒውተርን መልእክት በስልክ ሽቦ ሊጓዝ ወደሚችል ምልክት የሚለውጥና የመጣውንም መልሶ የሚፈታ፣ በንብረት መዝገብ የሚሰፍር ሣጥን ነበር። ዛሬ ይኸው ኃላፊነት ያለ ሹመት ደብዳቤ ወደ ሠራተኛው ስልክ ተዛውሯል፤ ስልኩ ፎርጂ የተባለውን የአራተኛ ትውልድ የሬዲዮ ምልክት ከማማው ተቀብሎ፣ ሆትስፖት በሚባለው አሠራር በዋይፋይ፣ አለዚያም በዩኤስቢ ገመድ ለኮምፒውተሩ ያካፍላል። የመዳብ የስልክ ሽቦ ከስልክ ማዕከሉ በራቀ ቁጥር ፍጥነቱ ስለሚቀንስ፣ የሂሳብ ሠራተኛዋ ስልክ ግድግዳው ላይ ከተሰካው መስመር ቢቀድም አያስገርምም፤ የኢንተርኔት ጥቅሉ ከደመወዟ መገዛቱ ግን በበጀት መግለጫው ላይ አይታይም።

የባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያ ከዓለም ኢንተርኔት ጋር የምትገናኝባቸው ዋና ዋና መስመሮች ጂቡቲ ላይ ከሚያርፉት የባሕር ውስጥ ኬብሎች የሚነሱትን ይጨምራሉ፤ አዋሽና ሰመራም የሚገኙት በዚያው በጂቡቲ መንገድ ላይ ነው። ይህ ቅርበት ግን እስካሁን የጠቀመው ከባድ መኪናውን እንጂ የወር ሪፖርቱን አይመስልም።

የስልኩ የሥራ ሁኔታም ሊታሰብበት ይገባል። አንዳንድ አምራቾች ስልክ ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ በማይበልጥ ሙቀት እንዲሠራ ሲመክሩ፣ ሰመራ በሞቃቱ ወራት ከ40 ዲግሪ በላይ ትውላለች። ኔትወርኩ ደህና የሚይዘው መስኮቱ ዘንድ ነው፤ ፀሐይዋም የምትገባው በዚያው ነው። ስለሆነም ስልኩ ባዶ የፋይል ሽፋን ጥላ ሆኖለት በመስኮቱ ደፍ ላይ ይቀመጣል፤ ሲግል የሙቀት ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ሥራውን ያቆማል፤ ውጭ ለተሰለፈው ባለጉዳይም «ሲስተም የለም» ይባላል።

ስለዚህ በቆላ ለሚሠራ ሠራተኛ የሚታሰበው የበረሃ አበል ለስልኮቹም እንዲፈቀድ፣ የመዳቡ ሽቦ በክብር በጡረታ እንዲሰናበት፣ በሠራተኛ ኪስ የተሠራ ሥራም የመሥሪያ ቤቱ «ዲጂታል ስኬት» ተብሎ ከመቅረቡ በፊት የጥቅሉ ሂሳብ እንዲወራረድ በአክብሮት ይጠየቃል።

ግልባጭ፦
ለፋይናንስ ክፍል
ለንብረት ክፍል
ለመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል፣ በባለሙያው የግል ስልክ በኩል